የተዛወረው ተጫዋች ጆሮ

አንድ ሰው ነበረ፤ ሥራው መጫወት ነው። ደመወዝ የሚከፈለውም ስለ ተጫወተ ነበር።

መምህር አጥናፉ ምሳሌውን እንዲህ የጀመሩት የቀድሞ ተማሪያቸው ትርሲት አንድ ጥያቄ ይዛ ስለ መጣች ነው። ትርሲት መሐንዲስ ናት። ከአንድ የሕንፃ ተቋራጭ ወደ ሌላው ከተዛወረች ወር አልሞላትም፤ ደመወዟ እጥፍ ሆኗል። አሁን ሁለቱ ድርጅቶች በአንድ ጨረታ ሊፎካከሩ ነው። አዲሱ አለቃዋ የቀድሞው ቤት ዋጋውን እንዴት እንደሚያሰላ እንድትነግረው ይፈልጋል። እሷ ደግሞ ገና በሙከራ ጊዜ ላይ ናት። «ሰው ደመወዝ ከበላበት ቤት ምን ይዞ ቢወጣ ነውር የለውም?» ብላ ጠየቀቻቸው። መምህሩ ስለ ጨረታ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ስለ ተጫዋች ጀመሩ።

«ኳስ ተጫዋች ነው?» አለች ትርሲት።

«ኳስማ ቢሆን አባቱም ይገባቸው ነበር። የኮምፒውተር ጨዋታ ነው፤ ስሚኝ» አሉና ቀጠሉ።

አምስት ሰዎች ከአምስት ይገጥማሉ። አንዱ ወገን አንድ ግቢ ሰብሮ ለመግባት ይሞክራል፤ ሌላው ይከላከላል። ግቢው ያለው በኮምፒውተሩ ውስጥ ነው፤ ተመልካቹ፣ ዋንጫውና ደመወዙ ግን እውነተኛ ናቸው። የልጁ አባት የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ። ልጃቸው በምን እንደሚተዳደር ጎረቤት ሲጠይቃቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ኮምፒውተር ላይ ነው» ይሉ ነበር፤ ውሸትም አልነበረም።

የሚያሳስተው ስሙ ነው። በእኛ ቋንቋ ጨዋታ ሲባል መዝናናትም ነው፣ ወግም ነው፤ ሥራ ግን አይደለም። ይህ ሰው ጠዋት ተነሥቶ እንደ ክራር መቺ ጣቶቹን ያፍታታል። አንዲት ጥግ ሳይታዩ እንዴት እንደምትታለፍ ሲለማመድ ይውላል። የተሸነፈበትን ግጥሚያ ቅጂ፣ ሌላው ሰው የሠርጉን ቪዲዮ እንደሚያየው፣ መላልሶ ያያል። ወግ መሆኑም እውነት ነው። አምስቱ ከየጥጋቸው የሚያዩት የተለያየ ስለሆነ ያለማቋረጥ ያወራሉ፤ የማያወራ ቡድን ይሸነፋል።

እሱና አራቱ ጓደኞቹ ሥራውን የጀመሩት ከባትሪ መሸጫ ጀርባ ባለች አንዲት ጌም ቤት ነው። ባለቤቷ አንዲት ወይዘሮ ናት፤ ኮምፒውተሮቹን በነፃ ታስነካቸዋለች፣ ምሳ ታበላቸዋለች፤ ደመወዝ የሚባል ነገር ግን አልነበረም። እዚያ የራሳቸውን ቋንቋ አወጡ። አንዱን ጠባብ በር «ጉልት» አሉት፤ ሁሉም እዚያ ቁጭ ብሎ ይጠብቃልና። ከፍ ያለውን መስኮት «አክስቴ» አሉት፤ ከዚያ የሚያመልጥ ነገር የለም። እነዚህን ቃላት ሌሎቹ ቡድኖችም ውለው አድረው ለመዷቸው። አንዲት ቃል ግን ነበረቻቸው፤ «ሻይ ፈላ»። ይህች ስትጠራ አምስቱ አንድ ነገር ያደርጋሉ፤ ተጋጣሚውም ከየት እንደ መጡበት ሳያውቅ ይወድቃል። ምን እንደሚያደርጉ ከአምስቱ በቀር ያወቀ የለም።

አንድ ሀብታም ሰው መጣ። ሴራሚክ አስመጪ ነው። ቡድን አቋቁሞ ቤት ተከራየላቸው፣ ጄኔሬተር አስገባ፣ ወንበር ከውጭ አዘዘ። ይህንንም ተጫዋች ፈለገው። ተጫዋቹ ወደ ወይዘሮዋ ሄዶ እውነቱን ነገራት።

«ስንት ሊከፍልህ ነው?» አለችው። ነገራት።

«በዚህ ዋጋማ እኔም መጫወት እለምድ ነበር።»

«ወጪት ሰባሪ አይሉኝም እትዬ?»

«ወጪቱን ካልሰበርክ ምን ብለው? በልቶ መነሣትማ ያለ ነው» አለችና መልቀቂያውን ፈረመችለት። ሀብታሙ በከፈላት የማዘዋወሪያ ገንዘብም ለቀሩት አራት አዲስ ወንበር ገዛች።

ተጫዋቹ በመጀመሪያው ደመወዙ እህቱን የነርስ ትምህርት ቤት አስመዘገባት። አባቱ በጎረቤት ፊት ድምፃቸው ከፍ አለ። ውሉ ግን እንዳንቺው የሙከራ ጊዜ ነበረው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሀብታሙ ምክንያት ሳይሰጥ ሊያሰናብተው ይችላል። የሙከራ ጊዜው ሳያልቅ ለዋንጫ የሚያልፉት ሁለት ቡድኖች ታወቁ፤ አንዱ የእሱ፣ ሌላው የድሮ ጓደኞቹ።

ሀብታሙ አስጠራው። «ቋንቋቸውን ታውቃለህ። ለልጆቹ አስረዳልን» አለው።

«ጋሼ፣ እንዴት እንደምናሸንፋቸው ያለኝን ሁሉ እናገራለሁ። ማን እንደሚቸኩል፣ ማን እንደሚፈራ እነግራለሁ። የሚያወሩትን ግን አልፈታም።»

«ምን ለየው?»

«ያኛው የዓይኔ ነው። ይሄኛው የአምስታችን አፍ ነው።»

«የሙከራ ጊዜህ የሚያልቀው መቼ ነው?»

«በወሩ መጨረሻ።»

«ጥሩ» አለ ሀብታሙ። ጥሩ የሚለው ቃል እንዲህ ሆኖ ሲነገር ጥሩ ሆኖ አያውቅም።

ቀኑ ደረሰ። አዳራሹ ሞላ። አዘጋጆቹ ሁለቱን ጠረጴዛዎች አጠገብ ለአጠገብ አድርገዋቸው ነበር፤ ፎቶ ላይ ያምራል ብለው። የጆሮ ማዳመጫው ደግሞ የጎረቤትን ጩኸት አይከለክልም። ጨዋታው እኩል ለእኩል ሄዶ ሄዶ በአንድ ዙር ላይ ተንጠለጠለ።

ጓደኞቹ እሱ ሲለያቸው በቦታው አዲስ ልጅ አስገብተው ቃላቸውንም ቀይረው ነበር፤ ሞኞች አይደሉም። «ሻይ ፈላ» ቀርቶ «ዝናብ ጣለ» ተብሏል። ነገር ግን ምላስ እንደ በቅሎ ነው፤ ሲጨንቀው የለመደውን መንገድ ይይዛል። በመጨረሻው ዙር የጓደኞቹ ቡድን አለቃ ጮኸ፤ «ሻይ ፈላ!»

ተጫዋቹ ሰማ። ሳያስበው እጁ ማውሱን ይዞ እነሱ ወደሚመጡበት ዞረ። አራት ዓመት አብሮ የኖረው ጆሮ ነው፤ አልሰማሁም ብሎ ሊዋሸው አልቻለም። የአዲሱ ቡድኑ አለቃ «ከየት ነው የሚመጡት?» እያለ ይወተውተዋል። አንድ ቃል ቢተነፍስ ዋንጫውም፣ ውሉም፣ የእህቱ ትምህርት ቤትም በእጁ ናቸው። ዝም ቢል ደግሞ አውቆ ቡድኑን ማስበላቱ ነው፤ የሚከፈለው እንዲያሸንፍ ነውና። በሁለቱ መካከል መንገድ ያለ አይመስልም ነበር።

እጁን አነሣ። በሕጉ መሠረት ጨዋታው ቆመ። ዳኛው መጣ።

«ምን ሆንክ?»

«የጎረቤቶቻችንን ወግ እየሰማሁ ነው።»

«ሁሉም ሰው ይሰማል።»

«ሁሉም ይሰማል። ትርጉሙ የሚገባኝ ግን እኔ ብቻ ነኝ። ጠረጴዛዎቹ ይራራቁልንና ዙሩ እንደገና ይጀመር።»

ተመልካቹ አጉረመረመ። አጠገቡ የተቀመጠው የቡድኑ ልጅ፣ «ቄስ ብትሆን ይሻልህ ነበር፤ ደመወዙ ነው እንጂ የሚያንሰው» አለው። እሱም «ዝም ብለህ ወንበርህን ያዝ» አለውና የጠረጴዛውን ጫፍ ራሱ አነሣ። አንደኛው ጠረጴዛ በአዳራሹ ወዲህኛው ጫፍ፣ ሌላው በወዲያኛው ጫፍ ሆነ።

ያን ዙር ያዩት ሰዎች እስከ ዛሬ ያወሩታል። የቡድኑ ልጆች አንድ በአንድ ወድቀው እሱ ብቻውን ቀረ፤ ከወዲያ የወደቀው አዲሱ ልጅ ብቻ ነበር። ከድሮ ጓደኞቹ ሦስቱን በገዛ ዓይኑና በገዛ እጁ ጣለ፤ ምንም የተሰረቀ ነገር አልነበረበትም። አዳራሹ በሙሉ ቆሞ ነበር። አራተኛው ጣለው። ዋንጫው ወደ ጌም ቤቷ ሄደ።

ተጫዋቹ ማውሱን ከኮምፒውተሩ ነቅሎ ገመዱን ይጠቀልል ጀመር። ሰው ከሥራ ሲሰናበት የሚይዘው የራሱን ዕቃ ነውና። ሀብታሙ መጥቶ አጠገቡ ቆመ።

«ለቡድናችን ቋንቋ የለንም» አለው። «አንተ አውጣልን።»

«የሙከራ ጊዜዬስ ጋሼ?»

«ዛሬ አለቀ። መጋዘኔን የሚሞላልኝ ሰው ሞልቷል። የቸገረኝ ቁልፉን የምሰጠው ነው።»

መምህር አጥናፉ እዚህ ላይ ቆሙና ወደ ትርሲት ዞሩ።

«ያ ተጫዋች አንቺ ነሽ፤ ጨረታው ያ አዳራሽ ነው። ዓይንሽን፣ እጅሽን፣ መቸኮልና መታገሥን ይዘሽ ውጪ፤ እሱ ያንቺ ነው፣ ደመወዝ የጨመሩልሽም ለእሱ ነው። የቀድሞው ቤት ዋጋውን እንዴት እንደሚያሰላ ያወቅሽው ግን በቀድሞው ቤት ደመወዝ ነው። የተከፈለበትን ዕቃ ሁለተኛ አትሽጪው። ካስጨነቁሽም ዝም ብለሽ አትሸነፊ፤ እጅሽን አንሥተሽ ‹ይህን ስለማውቅ ከዚህ ጨረታ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡኝ› በያቸው። ከዚያ በሌላው ሥራ ሁሉ ሦስት ሰው ጣዪላቸው።»

ትርሲት ጠየቀች፤ «ቢያሰናብቱኝስ መምህር?»

«ያ ሀብታም ብልኅ ሰው ነበር። ያንቺዎቹ ብልኅ መሆናቸውን አላውቅም። የሙከራ ጊዜ ግን ለሁለቱም ወገን ነው ልጄ፤ ካሰናበቱሽ የወደቁት እነሱ ናቸው። ይህ ቤት ኪራይሽን እንደማይከፍልልሽ አውቃለሁ፤ ግን እውነቱ ያው ነው።»

ቦርሳዋን አንሥታ በሩ ድረስ ሄደችና ዞር አለች።

«ለመሆኑ ‹ሻይ ፈላ› ምን ማለት ነበር?»

«እኔም ጠይቄው ነበር» አሉ መምህሩ። «ሳቀና ሻይ አዘዘልኝ።»