የመጀመሪያው እፍኝ አፈር

በአንድ ወቅት፣ ወላጁን የጦረ ልጅ ብቻ የመጀመሪያውን አፈር በሚያለብስበት አገር፣ አያ ቢያድግልኝ የሚባሉ ሽማግሌ ሸማኔ ሞቱ። «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» የሚለው ምርቃት ለእሳቸው ከልክ በላይ ደርሶላቸዋል፤ ሦስት ልጆቻቸው መቃብሩ አፍ ላይ ቆመው ተጣሉ። ርስት የላቸውም፣ ጠቡ በዚያች እፍኝ አፈር ነው። አፈሩን ያለበሰ በአገሩ ፊት ጧሪ ይባላል። የቀሩት ሁለቱ ዕድሜ ልካቸውን «አባታቸውን ያልጦሩ» እየተባሉ ይኖራሉ።

«አፈሩ የእኔ ነው» አለ የበኩር ልጃቸው ምትኩ። እውነት አለው። በክፉው ዘመን፣ ሰው ቅጠል ቀቅሎ ሲበላ፣ ምትኩ ከልጆቹ አፍ እየቀነሰ አባቱን አብልቷል። አንድ ቀን ማገዶ ሲያጣ ብዙም አላሰበ፤ የአባቱን የሽመና ዕቃ ፈልጦ ገንፎ አበሰለበት።

«አባባ፣ ከእንግዲህ ሥራ ምን ያደርግልዎታል? ይብሉ» አላቸው።

በሉ። እንባቸው ሲወርድ ምትኩ የጭሱ ነው ብሎ አለፈው። ያን ገንፎ ባይበሉ ግን ሳምንቱን አይዘልቁም ነበር።

«እሱማ አበላ፤ ያዳንኳቸው እኔ ነኝ» አለ ሁለተኛው፣ ስንሻው። ይህም ውሸት አይደለም። ከረሃቡ በኋላ ሽፍቶች የሽማግሌውን ጎጆ ሊያቃጥሉ ሲመጡ ብቻውን በር ላይ ቆሞ መለሳቸው፤ ግራ እጁ እዚያው ተቆርጦ ቀረ። ከዚያ ወዲህ አባቱን ወደ ድንጋይ ቤቱ ወስዶ በሩን ቆለፈ። ጠያቂ ሲመጣ አጥር ላይ ሆኖ «ደህና ናቸው» ብሎ ይሸኛል።

«ልጄ፣ ሰው ናፈቀኝ» አሉት አንድ ቀን።

«እጄን የቆረጠውም ሰው ነው» አላቸው።

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኙ፤ እንደተቆለፈባቸውም ከረሙ።

ሦስተኛዋ ውድነሽ የምታበላውም የምትሸሽግበትም የላትም። ያላት የፈተለችው ጥጥ ነው። ስንሻው ገበያ በሄደበት ቀን ቁልፉን በድንጋይ ሰብራ ገባች።

«አባዬ፣ ለልጄ መታቀፊያ ሸማ ይሥሩልኝ። የሌላ ሰው ሥራ አልፈልግም» አለች።

«እኔ ልሥራ?» አሉ ሽማግሌው፤ ደግመውም ጠየቋት። ተነሡ። በዝናብ ዳገቱን ወጥተው ቤቷ ገቡ፣ ተውሳ ባመጣችላቸው ዕቃ ሠሩ። ጎረቤት ሊያይ ተሰበሰበ። ቀለዱ፣ ሰው አሳቁ፣ «መወርወሪያ እንዲህ አይያዝም» እያሉ ጎረምሳውን ሁሉ ገሠጹ። ከዚያ በፊት እንዲያ ደስ ብሏቸው ያየ የለም። ሸማው ተሠርቶ ሲያልቅ የመንገዱ ብርድ ደረታቸው ገብቶ ነበር። ሞቱ።

«ገደልሻቸው» አላት ስንሻው መቃብሩ ላይ።

«አንተ ቤት በሕይወት ነበሩ እንዴ?» አለችው።

«እኔ ባላበላቸው ምናቸውን ትወስጂ ነበር?» አለ ምትኩ።

የአገር ሽማግሌዎች እንዲፈርዱ ተለመኑ። እያንዳንዱ ግን በልቡ የገዛ ልጆቹን ይመዝን ነበርና ፍርዱን ወደ እናንተ ገፉት። ሬሳው አፈር እየጠበቀ ነው። እናንተ ብትሆኑ አፈሩን ለማን ትሰጣላችሁ፤ ላበላቸው፣ ላዳናቸው፣ ወይስ ሥራ ሰጥታ ለገደለቻቸው?