የጋሽ ሙሄን ድምፅ አልይዝ ያለው ሲዲ

ስሙኝማ! የሚያስል ካለ አሁኑኑ አስሎ ይጨርስ፤ የሚያወራም ውጭ ወጥቶ ያውራ። ይህች ወሬ አንዷ የአንዷን ጫፍ ይዛ የምትሄድ ናትና መሐል ላይ ከተበጠሰች እንደገና ከሥሯ ነው የምጀምራት። ያኔ ደግሞ አስረዘምክብን እንዳትሉኝ። ተስማማን? እሺ።

ደሴ ውስጥ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ፣ እትዬ ጦይባ የሚባሉ ሴት ነበሩ። ባላቸው ጋሽ ሙሄ ቤታቸው ውስጥ ባለች አንዲት ኮምፒውተር የሰው ማመልከቻ እየጻፉ ይኖሩ ነበር፤ መንዙማ ሲያወጡ ግን ሰፈሩ ሥራውን ያቆምላቸዋል። ስልክ ገና ድምፅ መቅዳት ያልለመደበት ጊዜ ነው። ጋሽ ሙሄ ከመሞታቸው ዘጠኝ ቀን በፊት ኮምፒውተራቸው ፊት ተቀምጠው በማይክ አንድ መንዙማ ቀዱ፤ ሃያ ስድስት ደቂቃ። አራተኛው ደቂቃ ላይ ሳል ያዛቸው። "ጦይባ፣ ውሃ አቀብይኝ" አሉ፤ ጠጡ፤ ቀጠሉ። ለቅሶ የመጣው ሁሉ መንዙማውን ሰምቶ አለቀሰ። እትዬ ጦይባ ግን፣ አላህ ይቅር ይበለኝ እያሉ፣ የሚጠብቁት ያችን አራተኛ ደቂቃ ነበር። ስማቸውን በዚያ ድምፅ የሚጠራቸው ሌላ ምንም ነገር አልቀረላቸውም።

ታዲያ አንድ ቀን ኮምፒውተሯ ከሆዷ ቀጭ፣ ቀጭ ማለት ጀመረች። እትዬ ጦይባ ሻሻቸውን አጥብቀው ሰዓዳ ዘንድ ሮጡ። ሰዓዳ ኮምፒውተር ጠጋኝ ናት፤ እጇ ቀስ ያለ፣ ንግግሯ ፈጠን ያለ። መጥታ ጆሮዋን ሣጥኑ ላይ ለጠፈች።

"እትዬ፣ ሀርድ ዲስኩ እየሞተ ነው። ሳምንት ከቆየ ትልቅ ነገር ነው። ቶሎ ሲዲ ላይ በርን እናድርገው።"

"በርን ደግሞ ምንድን ነው?"

"ማቃጠል ማለት ነው። ሲዲው በጨረር ይቃጠልና ድምፁ እዚያ ላይ ይቀራል።"

"ሙሄን ልታቃጥይው?"

"ኧረ አብሽሩ እትዬ! የሚቃጠለው ሲዲው ነው።"

እትዬ ጦይባ እሺ አሉ። ያች "ማቃጠል" የምትል ቃል ግን ደረታቸው ውስጥ ገብታ ተቀመጠች።

የፈለጉት ትንሽ ነገር ነው፤ የባላቸው ድምፅ ከሚያቃስተው ሣጥን ወጥቶ አንድ ሲዲ ላይ እንዲቀመጥላቸው፣ በቃ። ሰዓዳ ሲዲ የሚጽፈውን ማሽን፣ ራይተሩን፣ ባዶ ሲዲ አጎረሰችው። "መጀመሪያ ይጽፋል፤ ከዚያ የጻፈውን መልሶ ያነብና ከዋናው ጋር ያመሳክራል" አለቻቸው። "እንደ ቁርአን ልጅ በይኛ፤ ኡስታዙ ፊት መልሶ እንደሚቀራው" አሉ። "አዎ፣ እንደሱ። አንዲት ነገር ከተዛነፈች ፕሮግራሙ ሲዲውን አይዘጋውም። ያልተዘጋ ሲዲ ደግሞ የትም ማጫወቻ ላይ አይሰማም።" ዙህር ደርሶ ነበርና ሰዓዳ ልትሰግድ ማዶ ክፍል ገባች። "አንቺ ቅደሚ፣ እኔ ልጠብቀው" ብለው እትዬ ጦይባ ከማሽኑ ጋር ብቻቸውን ቀሩ። ብቻቸውን ሆነው ያደረጉትን ኋላ ትሰማላችሁ፤ አሁን አትጠይቁኝ።

ሰዓዳ ሰግዳ ስትመለስ የኮምፒውተሯ መስኮት ላይ ቀይ ጽሑፍ ወጥቷል፤ አልተመሳሰለም ይላል። ሲዲውን አውጥታ ፊቷ ላይ ያዘችው። "አንተ፣ ምነው ድምፁን አልይዝ አልክ?" ሲዲ አይናገርም የምትሉ አላችሁ፤ ሰዓዳ ግን ትሰማዋለች። "እኔ ምን በወጣኝ!" አለ ሲዲው። "የሰጡኝን ነው የምይዘው። ራይተሩ በወጉ አልጽፍ አለ።" እንዲህ ነው እንግዲህ፤ ራይተሩ አልጽፍ አለ፤ ሲዲው ድምፁን አልይዝ አለ፤ የእትዬ ጦይባም ልብ አላርፍ አለ።

በማግሥቱ ሰዓዳ ራይተሩን ፈትታ ዓይኑን በጥጥና በአልኮል ጠረገችለት። አዲስ ሲዲ አስገባች፣ ዙህር ደረሰ፣ ሄዳ ሰገደች፣ ተመለሰች። አልተመሳሰለም። "አንተስ፣ ዓይንህን ጠርጌልህ ምነው አልጽፍ አልክ?" "እኔ ምን በወጣኝ! ገመዱ ጠብቆ አልቀመጥ አለ።" ገመዱ አልቀመጥ አለ፤ ራይተሩ አልጽፍ አለ፤ ሲዲው ድምፁን አልይዝ አለ፤ የእትዬ ጦይባም ልብ አላርፍ አለ።

የተበላሹትን ሁለት ሲዲዎች ሰዓዳ ልትጥል ስትነሳ እትዬ ጦይባ ከእጇ ነጠቋት።

"ወዴት?"

"እትዬ፣ እነዚህ እኮ አይሠሩም።"

"ሙሄ ያለፈበትን ቆሻሻ ላይ ልጣለው? ያ ረቢ! በይ አምጪ።" በንጹሕ ሻሽ ጠቅልለው የልብስ ሣጥናቸው ውስጥ አስቀመጧቸው።

በሦስተኛው ቀን ሰዓዳ አዲስ ገመድ ይዛ መጣች። ሰካች፣ ሲዲ አስገባች፣ ሰገደች፣ ተመለሰች፣ አልተመሳሰለም። "አንተ ገመድ!" "እኔ ምን በወጣኝ! የመጣውን ነው የማሳልፈው። መብራቱ አልረጋ አለ።" እውነትም አምፖሉ ብልጭ ድርግም ይላል። መብራቱ አልረጋ አለ፤ ገመዱ አልቀመጥ አለ፤ ራይተሩ አልጽፍ አለ፤ ሲዲው ድምፁን አልይዝ አለ፤ የእትዬ ጦይባም ልብ አላርፍ አለ። ሣጥኑ ደግሞ በቀን አንዴ ይል የነበረውን ቀጭ ቀጭ አሁን በየሰዓቱ ሆነ።

በአራተኛው ቀን ሰዓዳ የራሷን ሱቅ ስታቢላይዘር በትከሻዋ ተሸክማ ዳገቱን ወጣች። መብራቱ ረጋ። ሲዲው ግን ያው! መብራቱን ጠየቀችው፤ "እኔ ምን በወጣኝ! ይኸው ረግቻለሁ። ፕሮግራሙ አልታገሥ አለ፤ ይቸኩላል" አላት። ፕሮግራሙ አልታገሥ አለ፤ መብራቱ አልረጋ አለ፤ ገመዱ አልቀመጥ አለ፤ ራይተሩ አልጽፍ አለ፤ ሲዲው ድምፁን አልይዝ አለ፤ የእትዬ ጦይባም ልብ አላርፍ አለ።

የዚያን ቀን እትዬ ጦይባ ምሳቸውን አልቀመሱም። "ሰዓዳ፣ እውነቱን ንገሪኝ" አሉ። "ሙሄ መግባት አልፈለገም እንዴ? አትጥሩኝ እያለ ነው?"

"ኧረ እትዬ! እንዲህ አይበሉ።"

"ሞቶ አንዴ ቀብሬዋለሁ። ሁለተኛ የምቀብርበት ጉልበት የለኝም፤ ወላሂ የለኝም።" ይህን ብለው ፊታቸውን በሻሻቸው ሸፈኑ። ሰዓዳ አጠገባቸው ቁጭ ብላ ትከሻቸውን ያዘች።

በአምስተኛው ቀን ፍጥነቱን ከአርባ ስምንት አውርዳ አራት ላይ አደረገችው። ማሽኑ ቀስ እያለ፣ እያዛጋ ጻፈ። ሰዓዳ ሰግዳ መጣች። አልተመሳሰለም። አሁን ግን ቁጭ ብላ ቀዩን ጽሑፍ እስከ ታች አነበበችው። ለካ ሲዲው ላይ አብሮ የገባው የሠርግ ፎቷቸው ተመሳስሏል! የጋሽ ሙሄ ማመልከቻዎች ሁሉ ተመሳስለዋል! አልመሳሰል ያለው ድምፁ ብቻ ነው፤ ያውም የቀደሙትን ቀናት ጽሑፍ ብታይ፣ አምስቱንም ቀን እሱው ብቻ። ፕሮግራሙን ጠየቀችው። "እኔ ምን በወጣኝ!" አለ ፕሮግራሙ። "እኔ አንዴ አይቼ እጽፋለሁ፤ ላመሳክር ስመለስ ሌላ ሆኖ ይጠብቀኛል። ፋይሉ አንድ ሆኖ አልቆይ አለ።"

ይዛችኋል? ፋይሉ አንድ ሆኖ አልቆይ አለ፤ ፕሮግራሙ አልታገሥ አለ፤ መብራቱ አልረጋ አለ፤ ገመዱ አልቀመጥ አለ፤ ራይተሩ አልጽፍ አለ፤ ሲዲው ድምፁን አልይዝ አለ፤ የእትዬ ጦይባም ልብ አላርፍ አለ።

ሰዓዳ የፋይሉን መረጃ ከፍታ የተለወጠበትን ሰዓት አየች። ዛሬ፣ ሰባት ሰዓት ከሩብ ይላል።

"እትዬ፣ ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ እኔ ሰላት ላይ ነበርኩ። እዚህ ቤት ማን ነበር?"

"ማንም አልነበረም" አሉ እትዬ ጦይባ። "እኔና እሱ።"

ሰዓዳ ዙሪያዋን ቃኘች። የጆሮ ማዳመጫው ከጠረጴዛው ላይ የለም፤ እትዬ ጦይባ ጉልበት ላይ፣ ሻሽ ሥር ነው ያለው። እትዬ ጦይባ ዓይኗን ተከትለው አዩትና አንገታቸውን ደፉ።

"አንቺ አቃጥለዋለሁ አልሽኝ" አሉ። "ስትወጪ ሣጥኑ ይጮኻል፣ ያ ነገር ውስጡ ይሽከረከራል። እየተቃጠለ መሰለኝ። አለ ወይስ የለም ብዬ ከፍቼ ሰማሁት። ስሜን እስኪጠራኝ ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ እዘጋዋለሁ።"

"በየቀኑ?"

"በየቀኑ።"

ሰዓዳ በማውሱ የፋይሉን መረጃ ወደ ታች እየገፋች አነበበች። ድምፁን የሚያሰማው የኮምፒውተሯ ማጫወቻ ፋይሉን በከፈቱት ቁጥር፣ ይህን ያህል ጊዜ ተሰማ ብሎ እዚያው ፋይሉ ላይ ይጽፋል። ሲዲው ላይ ያለው አራት መቶ አሥራ አንድ ይላል። ዋናው ላይ ያለው አራት መቶ አሥራ ሁለት ይላል። በሁለቱ መካከል ያለችው አንዲት ጊዜ፣ ሲዲው እየተጻፈ ሳለ እትዬ ጦይባ የሰሟት ናት። ሰዓዳ ቁጥሩን አንብባ ዓይኗን ጠረገች። ባል ከሞተ ገና ስምንት ወሩ ነው።

እንግዲህ ሰንሰለቱ ክብ ነበር! ልብ አላርፍ ስላለ ጣት አላርፍ አለ፤ ጣት አላርፍ ስላለ ፋይሉ አንድ ሆኖ አልቆይ አለ፤ ፕሮግራሙ አልታገሥ አለ፤ መብራቱ አልረጋ አለ፤ ገመዱ አልቀመጥ አለ፤ ራይተሩ አልጽፍ አለ፤ ሲዲው ድምፁን አልይዝ አለ፤ ሲዲው ስላልያዘ ደግሞ ልብ አላርፍ አለ። አምስት ቀን ሙሉ ሁሉም በሁሉም ላይ ጣቱን ሲቀስር፣ ነገሩ ለካ የእትዬ ጦይባ የገዛ ጣት ነበር።

እትዬ ጦይባ ቀኝ እጃቸውን አንስተው አዩት። "እኔ ነኛ!" አሉ። "ላድነው ብዬ እኔው ልገድለው!"

"የለም እትዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው" አለች ሰዓዳ። "ለሐዘንተኛ ሰው አቃጥለዋለሁ ይባላል? ምን ዓይነት አፍ ነው ያለኝ? ይጻፋል ማለት ነበረብኝ።"

"የለም፣ የኔ ጣት ነው።"

"የለም፣ የኔ አፍ ነው።"

በዚያች ሳምንት በዚያ ቤት ጥፋቱ የኔ ነው የሚል ድምፅ ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር።

ሰዓዳ የመጨረሻውን ሲዲ አስገባች። "አሁን እትዬ፣ ግማሽ ሰዓት አይንኩት። እሱን ብቻ ነው የምለምንዎ።" ግማሽ ሰዓት! እትዬ ጦይባ ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ ያችን ኮምፒውተር እያዩ ሳይነኳት ግማሽ ሰዓት ተቀምጠው አያውቁም። ተነሥተው ከግድግዳው የጋሽ ሙሄን መቁጠሪያ፣ ሙስበሃቸውን፣ አወረዱ፤ ሰዓዳም ዛሬ የትም አልሄደችም፣ አጠገባቸው ተቀመጠች። ሣጥኑ ቀጭ አለ፤ አንድ ጨሌ ገፉ። ማሽኑ ጮኸ፤ አንድ ጨሌ ገፉ። አራተኛው ደቂቃ አለፈ፤ ማንም ስማቸውን አልጠራም፤ ጨሌ ገፉ። እንባቸው ሙስበሃው ላይ ይወርዳል እንጂ ማውሱን አልነኩም።

ጣት አረፈ። ጣት ሲያርፍ ፋይሉ አንድ ሆኖ ቆየ፤ ፋይሉ ሲቆይ ፕሮግራሙ ታገሠ፤ ፕሮግራሙ ሲታገሥ መብራቱ ረጋ፤ መብራቱ ሲረጋ ገመዱ ተቀመጠ፤ ገመዱ ሲቀመጥ ራይተሩ ጻፈ፤ ራይተሩ ሲጽፍ ሲዲው ያዘ። መስኮቱ ላይ አረንጓዴ ወጣ። ተመሳሰለ ይላል።

ሰዓዳ ሲዲውን አውጥታ መኝታ ክፍል ያለው ማጫወቻ ውስጥ ከተተችው። መንዙማው ጀመረ። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሳሉ መጣ። "ጦይባ፣ ውሃ አቀብይኝ።"

"አቤት!" አሉ እትዬ ጦይባ፤ ቆመውም ነበር።

"እንግዲህ እንደ ልብዎ ይስሙት" አለች ሰዓዳ። "የተዘጋ ሲዲ ላይ ጣት አይጽፍም። ሺ ጊዜ ቢከፍቱት ያው ነው፣ አይለወጥም።" የእትዬ ጦይባ ልብ ያኔ አረፈ።

ኮምፒውተሯ ዓርብ ዕለት ቀጭ ማለቷን አቆመች፤ ከዚያም አልተነሣችም። ሲዲው አለ። ከዚያ ወዲህ እትዬ ጦይባ ስንት ጊዜ እንደሰሙት የሚቆጥር የለም።

በሉ፣ ያቀበልኳችሁን ሰንሰለት ከልብ እስከ ሲዲ፣ ከሲዲ እስከ ልብ መልሳችሁ አሰሙኝ፣ ላመሳክር። አንዲት ቀለበት ከጎደለች ግን እኔ ምን በወጣኝ!