የካቦው ምስጋና

አቶ ይልቃል ከሥራ የተባረሩት በአንዲት የጣልያንኛ መስተዋድድ ነው።

አንድ የጣልያን ኩባንያ ለሚሠራው ድልድይ ሠራተኞች ካቦም አስተርጓሚም እሳቸው ነበሩ። ድንጋይ ሲያነሱ ያያቸው የለም፤ ጣልያንኛን ግን እንደ ውሃ እጠጣዋለሁ ይሉ ነበር። ድልድዩ አልቆ ባለ ኩባንያው ሲኞር ሮሴቲ ሊጎበኝ ሲመጣ፣ አቶ ይልቃል በጣልያን ግንበኞች መሀል ያደገውን አንድ አፈኛ ድንጋይ ጠራቢ ጠሩት።

«ና አንተ ምላሳም! በሲኞሩ ፊት፣ በራሱ ቋንቋ አመስግነኝ። አለዚያ ነገ እዚህ እንዳላይህ።»

ነገሩ የእንጀራ ነውና ጠራቢው እሺ አለ። ቆቡን አውልቆ እጅ ነሣና፣ «ኮን ቱቶ ኢል ሱዎ ሳፔሬ፣ ኢል ፖንቴ ኤ ኢን ፒዬዲ» አለ።

አቶ ይልቃል ደረታቸውን ነፍተው ለሠራተኛው ተረጎሙ። «ሰማችሁ? ‹ከእውቀትዎ ሁሉ ጋር ድልድዩ ቆመ› ነው ያለው!»

አማርኛ በመጠኑ የሚሰማው ሲኞር ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«የለም፣ የለም! ‹ኮን ቱቶ› እኛ ዘንድ ‹ቢሆንም› ማለትም ነው። ‹ካቦው ይህን ሁሉ እያወቀም፣ ድልድዩ አልወደቀም› ማለቱ ነው።»

ወዲያው ግን ሳቁን አቆመ። ለካ እስከ ዛሬ ትእዛዙን ለሠራተኛው ሲያደርሱለት የኖሩት እኚህ ሰው ናቸው።

አቶ ይልቃል የጠራቢውን ኮሌታ ያዙ። «ሰደብከኝ!»

«ኧረ ጌታዬ፣ እኔማ ‹ከእውቀትዎ ጋር› ብያለሁ፤ እርስዎም በሰው ፊት መስክረውልኛል። ‹ቢሆንም› ያሰኘው እውቀትዎ ነው።»

በማግስቱ ካቦው ተሰናበቱ። ጠራቢው ቀረ።