ከጥለት የተመዘዘ ክር

በአንድ ወቅት ነው፤ ዘመኑን አትጠይቁኝ። ክፉ ቀን ባለፈበት አንድ መንደር እህሉ ቢመለስም የሕፃናቱ ገላ አልመለስ አለ። መድኃኒት አዋቂው ሞቶ ወንበሩ ባዶ ነበርና ሽማግሌዎቹ ለሦስት ልጆቹ «ሕፃናቱን ያተረፈልን ይቀመጥበታል» አሏቸው።

ታላቁ ቢያድግልኝ ሰው የማይደፍረውን ገደል ወርዶ አንድ ሥር ነቅሎ መጣ። መርዝ ይሁን መድኃኒት አያውቅም። ቀድሞ ራሱ ጠጣ፤ ሲያስመልሰው ሰንብቶ ተነሣ።

«እኔን ካልገደለኝ ይጠጡት» አለ።

መካከለኛው ውባንተ ማንም ሳይጠጣ የየሕፃኑን ክንድ ለካ። የሚለካበትንም ክር እናቶቹ ከየቀሚሳቸው ጥለት መዘው ሰጡት።

ትንሹ ጓንጉል ግን «ክረምት መጣ፤ ላሞቹ ይታለባሉ። ልጆቹ ቢወፍሩ በወተቱ ይሁን በሥሩ በምን እናውቃለን? የእኔ ሦስቱ ልጆች ወተቱን ብቻ ይጠጡ፤ ሥሩ ይቅርባቸው» አለ።

ሚስቱ ውድነሽ «አንተ ሰው፣ ልጆቼ ምን አደረጉህ?» ብላ አለቀሰች።

«የጎረቤት ልጅ ላስቀር? እናቱን በየትኛው ዓይኔ ላያት ነው?»

ክረምቱ ሲወጣ ውባንተ ከየዚያው ጥለት በተመዘዘ ሌላ ክር እንደገና ለካ። መሬቱን በዕጣ የሚካፈል አገር አይደል? ሽማግሌዎቹ ክሩንም እንደ ዕጣ ደባልቀው፣ ከፊተኛው አንድ ከኋለኛው አንድ እያወጡ አስተያዩ። አንዱ ይረዝማል፣ አንዱ ያጥራል።

«ከንቱ ነው! ይህን የሚያስመልስ ነገር ጣሉት!» አሉ።

ውባንተ ዘሎ ተነሣ። «የትልቁን ልጅ ከጨቅላው ጋር ታስተያያላችሁ እንዴ? እያንዳንዱን ከራሱ ጋር እንጂ!»

እናቶቹ ክራቸውን በጥለቱ ቀለም ለዩ። ሥሩን ከጠጡት ሕፃናት መካከል ከጥቂቶች በቀር ክንዱ ያልጨመረ አልነበረም።

«ይሁን፤ ግን ወተቱ ነው» አሉ ሽማግሌዎቹ። አይፈረድባቸውም።

ያኔ ጓንጉል ሁለት ልጆቹን ይዞ ቀረበ። ያንኑ ወተት ጠጥተው ክንዳቸው እንደነበረ ነው። የሦስተኛዋን፣ የስንቅነሽን ክር በመዳፉ ይዞታል። እሷን ከቀበሯት ሰነባብቷል።

ሥሩ ሳይጣል ቀረ፤ የጓንጉል ሁለቱም ጠጥተው ዳኑ፣ ከዚያ ወዲያም በዚያ መንደር በክሳት የሞተ ሕፃን የለም።

ስለ ወንበሩ ሲመከር ውድነሽ መጣችና ክሩን ከባሏ እጅ ወሰደች።

«እሱ ከተቀመጠበት እኔ አገር ለቅቄ እሄዳለሁ፤ ሌላ ሰው ከተቀመጠበት ደግሞ ልጄ በከንቱ ሞተች» አለች።

እንግዲህ ፍረዱ። ወንበሩ ለማን ይገባል? ለውድነሽስ ምን ብላችሁ ትነግሯታላችሁ?