ከመደርደሪያው አልወርድ ያለው ወተት

ተረት ልነግራችሁ ነው። ላም የለችበትም፤ ወተት ግን አለበት፣ ያውም በቆርቆሮ።

ኮምቦልቻ ውስጥ ረድኤት የምትባል የሁለት ወር ሕፃን እናት ነበረች። ጡቷ ነጥፎባት ልጇ ያለቅሳል። ለውጭ አገር ደንበኛ በኮምፒውተር ሥዕል ሠርታ ያገኘችው ገንዘብ ስልኳ ውስጥ አለ፤ ግን ክሪፕቶ የሚሉት፣ በእጅ የማይጨበጥ የኢንተርኔት ገንዘብ ነው። የፈለገችው አንድ ቆርቆሮ የዱቄት ወተት ብቻ ነበር።

ባለሱቁ እንድሪስ ዘንድ ሄደች። እንድሪስ ብርን ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጎ ክሩን ሳያይ ኪሱ የማይከት ሰው ነው። ስልኳንም ወደ ፀሐይ ከፍ አደረገው።

"እህቴ፣ ይሄን በየት በኩል ልየው? ጅምላ ሻጩ ሐጂ ሙዘይን ከተቀበሉኝ እኔም እቀበልሻለሁ።"

ባለሱቁ አልቀበል አለ፤ ወተቱ ከመደርደሪያው አልወርድ አለ፤ ሕፃኑ ለቅሶውን አልተው አለ።

ሐጂ ዘንድ ሄደች።

"እኔ ምን ከፋኝ፣ የኔ ልጅ!" አሉ ሐጂ። "ዕቃ የሚያመጣልኝ ሾፌሩ ይመር በዚህ ልከፈል ካለ፣ እኔም እቀበላለሁ።"

ጅምላ ሻጩ አልቀበል አሉ፤ ባለሱቁ አልቀበል አለ፤ ወተቱ ከመደርደሪያው አልወርድ አለ፤ ሕፃኑ ለቅሶውን አልተው አለ።

ይመርን ከመኪናው ሥር ተጋድሞ አገኘችው።

"ይሄን ለእትዬ ዘሃራ የቤት ኪራይ ነው ብዬ ልስጥ? በማግስቱ ዕቃዬን ደጅ ነው የማገኘው! እሳቸው እሺ ካሉ ግን እኔም እሺ።"

ሾፌሩ አልቀበል አለ፤ ጅምላ ሻጩ አልቀበል አሉ፤ ባለሱቁ አልቀበል አለ፤ ወተቱ ከመደርደሪያው አልወርድ አለ፤ ሕፃኑ ለቅሶውን አልተው አለ።

ልብ በሉ፣ "እምቢ" የሚል ቃል ከአፉ ያወጣ አንድም ሰው የለም። ሁሉም "እኔማ እሺ፣ እሱ እሺ ካለ" ነው ያለው። እንዲህ ያለው እሺ ከእምቢ ይብሳል። ረድኤት የይመር አከራይ እትዬ ዘሃራ ደጅ ደረሰች።

እትዬ ዘሃራ ስልካቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ረድኤት ተናግራ ሳትጨርስ ተነሡ።

"ምን አልሽ? ያ በስልክ የሚላከው? ክሪፕቶ የሚሉት? ልጄን ኑሩን ሊቢያ ላይ አጋቾች ይዘውብኛል። 'በሱ ካልሆነ አንቀበልም፣ እስከ ዓርብ ካልላክሽ እርሚሽን አውጪ' አሉኝ። የት እንደሚገኝ የሚያውቅ ሰው አጣሁ። ይመር ኪራዩን በሱ ይክፈለኝ! የመጪዎቹንም ወራት! ስልክሽ ላይ ያለው ሁሉ ይምጣልኝ፤ ከወተቱ የተረፈውን በብር እመልስልሻለሁ።"

እትዬ ዘሃራ ከይመር ተቀበሉ፤ ይመር ከሐጂ ተቀበለ፤ ሐጂ ከእንድሪስ ተቀበሉ፤ እንድሪስ ከረድኤት ተቀበለ፤ ወተቱ ከመደርደሪያው ወረደ፤ ሕፃኑ ለቅሶውን ተወ።

ገንዘቡ ከስልክ ስልክ ተሻግሮ፣ ሳይመሽ ሊቢያ ገባ። እዚያ ያሉት ሰዎች "ማን እሺ ካለ" አላሉም፤ ወደ ፀሐይም ከፍ አላደረጉት። ወዲያው ተቀበሉ።

የረድኤት ልጅ ጠግቦ ተኛ። እሷ ግን ወተቱ በማን ልጅ ማስለቀቂያ እንደወረደ እያሰበች፣ ባዶውን ጡጦ ይዛ፣ እትዬ ዘሃራን ቀና ብላ ማየት አፈረች። ዓርብ መጥቶ አለፈ፤ ኑሩ አልተለቀቀም፤ እትዬ ዘሃራ አሁንም ስልካቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ደጅ ተቀምጠዋል።

እኔም ተረቴን መልሱ አልልም፤ ልጃቸውን መልሱላቸው።