ወጌሻዋ አውቃ ያጣመመችው እግር

«ተረት ተረት!»

«የላም በረት!»

ምነው፣ እራት አልበላችሁም እንዴ? ላሟ እንድትሰማ ጮክ በሉ! እሰይ፣ እንደሱ።

በድሮ ዘመን ጓንጉል የሚባል ሰው ነበረ። ጦርነት ዘመተና እግሩ ተሰበረ። ትኩሳት ጣለውና ራሱን ሳተ። ሲነቃ እግሩ ታስሯል፤ ማን እንዳሰረው አያውቅም። ማሰሪያው ሲፈታ ግን እግሩ ጠማማ ሆኖ ቀረ። ከዚያም በዱላ እያነከሰ ወደ አገሩ ተመለሰ። እርፍ መጨበጥ አቃተው፤ መሬቱን ሰው አረሰው። በዚህ ተናደደና፦ «ያንን ወጌሻ ያገኘሁ ቀን እጁን ካልሰበርኩ ጓንጉል አይደለሁም!» ብሎ ማለ።

አንድ ቀን በበቅሎ ገበያ ሲሄድ በቅሎዋ ደነበረችና ጣለችው። ትከሻው ውልቅ አለ። መንገደኞች አንስተው በአቅራቢያው ወዳለች ወጌሻ ቤት ወሰዱት። ይርገዱ ትባላለች። እንደኔ አሮጊት ናት፤ ኧረ እኔ ሳልሻል አልቀርም!

ይርገዱ ትከሻውን በቅቤ አሸችና ባንዴ ቦታው መለሰችው። ከዚያም እጇ ወደ እግሩ ሄደ። መቼም ወጌሻ የገዛ ሥራዋን በአውራ ጣቷ ታውቃለች። ዳሰሰች፣ ዳሰሰችና ፊቷ ተለወጠ።

ይርገዱ፦ «ልጄ፣ ያኔ ጦሩን እየተከተልኩ የተሰበረ እጠግን ነበር። ይህን እግር የጠገንኩት እኔ ነኝ።»

ጓንጉል ዱላውን አነሳ።

ጓንጉል፦ «ትከሻዬን ባንዴ የመለሰ እጅ እግሬን እንዴት አጣመመ?»

ይርገዱ፦ «አውቄ ነው።»

አውቃ! ለምን ይመስላችኋል? ቆዩ እንጂ፣ አትንጫጩ።

ይርገዱ፦ «ካንተ በፊት የልጄን የዳምጤን እግር ጠግኜ ነበር። ቀጥ አድርጌ፣ እንከን የማይወጣለት። ሲድን ‹ይሄማ ደህና ነው› ብለው ወደ ጦሩ መለሱት። በዚያው ቀረ። አንተን ሲያመጡህ ‹ይሄን እንኳ እናቱ ታግኘው› ብዬ አጣመምኩት።»

ጓንጉል ዱላውን ጣለ። እንባው መጣ።

ጓንጉል፦ «እናቴማ አገኘችኝ። በእጄ ነው የቀበርኳት። አብረውኝ የዘመቱት ግን አንዳቸውም አልተመለሱም።»

እንባውን ጠረገና፦ «እሜቴ፣ አሁን ጦርነት የለም። ሰብረው ያቃኑልኝ» አላት።

ይርገዱ እጇን ከእግሩ ላይ አነሳች።

ይርገዱ፦ «አልችልም! አቃንቼ የሰደድኩት አልተመለሰም።»

ጓንጉል፦ «እኔ የምሄደው እርሻ ነው፤ የት እጠፋለሁ? መጥቼ አሳይዎታለሁ።»

ይርገዱም ዓይኗን ጨፍና ሰበረችው። ኧረ ጩኸቱ! አቃንታም በቀርከሃ አሰረችው። ሲድን አገሩ ገባ።

ክረምቱን ሙሉ ይርገዱ መንገድ መንገዱን ታያለች። ጎረቤቶቿ፦ «አይ አንቺ! የዳነ ሰው ወጌሻ ያስታውሳል?» ይሏታል። እሷ ግን እህል አልበላ አላት።

መስከረም ሲጠባ አንድ ሰው የባቄላ እሸት ተሸክሞ፣ ያለ ዱላ፣ ዳገቱን ወጣ። ጓንጉል ነበረ። ይርገዱ ሮጣ እግሩን ጥምጥም አድርጋ ያዘችና፦ «ተመለሰ! አቃንቼው ተመለሰ!» እያለች አለቀሰች።

በሉ፣ ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ። ቆሎ ያመጣ ግን ወየውለት፤ ጥርስ የለኝም!