ላልደረሰለት ሰው መዝሙር

አንዲት መዝሙር ጸሐፊ ደብረ ሲና ትኖር ነበር። ስንቶቻችሁ ደብረ ሲናን በክረምት አይታችኋል? ጭጋጉ ከተራራው ቁልቁል ይወርድና የጎረቤትን በር እንኳ ይሸፍናል። የታጠበ ልብስ አይደርቅም። ሰው ጠዋት ተነሥቶ ሰማዩን ፈልጎ ያጣዋል።

ይህች ሴት ስትጽፍ መጀመሪያ የሚሰማላት ባሏ ይርዳው ነበር። እሱ ጢሙን ሲላጭ እሷ ታነብለታለች። ደስ ካለው ምላጩን አስቀምጦ "እስቲ ድገሚው" ይላል። በጥቅምት ይርዳው ሞተ። ከዚያ ወዲህ አንድ ስንኝ አልጻፈችም። ለማን ታንብብ? ማን ድገሚው ይበላት?

ነሐሴ ላይ የመዘምራኑ መሪ፣ ወንድም ስንሻው፣ ቤቷ መጣ።

"እህቴ፣ ለአዲስ ዓመት አዲስ መዝሙር እንፈልጋለን።"

"ክረምቱ ይውጣና እጽፋለሁ" አለችው። "ፀሐይ ስትወጣ፣ አበባው ሲፈነዳ፣ ልቤም ይመለስ ይሆናል። በዚህ ጭጋግ ምን ይጻፋል? አሁን ያለኝ ናፍቆት ብቻ ነው።"

እኛስ እንዲህ አላልንም? ክረምቱ ይውጣና እዘምራለሁ። ልቤ ይጽናናና እጸልያለሁ። አላልንም ወይ?

በማግስቱ ከገበያ ስትመለስ ዝናብ ያዛትና ወፍጮ ቤቱ ጥግ ተጠለለች። እትዬ አመለወርቅም እዚያ ቆመዋል። ሁለቱም የሚያመልኩት አንድ ቤተ ክርስቲያን ነው። የእትዬ ልጅ እጅጋየሁ ለሥራ ዐረብ አገር ከሄደች በኋላ ድምፅዋ ጠፍቷል። እናቷ አውቶቡስ ከላይ ሲወርድ በሰሙ ቁጥር አንገታቸውን ያሰግጋሉ።

"እትዬ፣ በዚህ ጭጋግ ምን ይታይዎታል?"

"ምንም አይታየኝም፣ ልጄ። ግን ሳላይ መቅረት አልችልም።"

ቆይተው ማንጎራጎር ጀመሩ። ቃል የለውም፤ ዜማ ብቻ።

"ቃሉ ጠፋብዎት?"

"መች ቃል አለውና! እሁድ እሁድ የምትዘምሩትን እሰማለሁ። ሁሉም 'ተመስገን፣ ደረስክልኝ' ነው። ለደረሰላቸው ደስ ይለኛል። ላልደረሰለት ሰውስ መዝሙር የላችሁም? አንቺ እኮ ቃል ተሰጥቶሻል፣ ልጄ።"

ጸሐፊዋ ዝናቡ እስኪያባራ አልጠበቀችም። እየበሰበሰች ቤቷ ገባች፤ እርጥብ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ ተቀመጠችና ጻፈች። ስለ አበባ አልጻፈችም። መንገድ መንገዱን ስለሚያይ ዓይን፣ ሁለት ሰው ይተኛበት ስለነበረ አልጋ፣ "ጌታ ሆይ፣ ወዴት ነህ?" ስለሚል ልብ ጻፈች። እያለቀሰች ጻፈች። ናፍቆቷ ቃሏን የነጠቃት መስሏት ነበር፤ ለካ ቃሉ ያለው እዚያው ናፍቆቷ ውስጥ ነው!

ክረምቱ ሳይወጣ፣ ገና እየዘነበ፣ በዚያው እሁድ ተዘመረ። እልልታ አልነበረም። አንዱ አንገቱን ደፋ፤ ሌላው የጎኑን ሰው እጅ ያዘ። እትዬ አመለወርቅም አዝማቹ ሲደገም ቃሉን ያዙት፤ አብረው ዘመሩ።

ልጅቷስ? ትሉኛላችሁ። መጣች ብዬ ብጨርስላችሁ እኔም ደስ ባለኝ። አልመጣችም። እናቷ ግን ዛሬ ብቻቸውን አይጠብቁም። ጉባኤው አብሯቸው ይጠብቃል።

ወገኖቼ፣ ጌታ የሚሰማው የደስተኛን ድምፅ ብቻ ነው ያላችሁ ማን ነው? አንተ ግጥም ትጽፍ የነበርክ፣ ለምን ተውከው? አንቺ ስትጸልዪ ቃል የሚያጥርሽ፣ ልብሽ እስኪጠግግ ለምን ትጠብቂያለሽ? ያልመጣላችሁ ማን ነው? ያልደረሰላችሁ ምንድን ነው? ስሙን ጥሩት። ቤት ባይመታ፣ ዜማ ባይኖረው ግድ የለም። "ናፍቄሃለሁ" ማለት ብቻውን ጸሎት ነው።

አሁን ዓይናችሁን ጨፍኑ። እያንዳንዳችሁ በልባችሁ የመጀመሪያዋን ስንኝ ጀምሩ። እኔ ዝም እላለሁ፤ የእኔም አለችኝና።